ከብርሃን የሚቀድም ለምን የለም? ከዲሽ ኬብል እስከ ካሬ ወረቀት፣ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፣ መነሻው

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው። ደብተሩ ላይ አንድ ስሌት ሠርቶ መጣ። አንድ ሮኬት ሞተሩን ሳያጠፋ ይነዳ፤ በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምር። ከፎቅ የወደቀ ድንጋይ የሚጨምረው ያህል ማለት ነው። አንድ ዓመት ወደ 31.5 ሚሊዮን ሰከንድ አለው። ሲባዛ 309 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ብርሃን ደግሞ 299,792,458 ሜትር በሰከንድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሮኬቱ ዓመት ሳይሞላው ብርሃንን ጥሎት አለፈ። "አጎቴ፣ ታዲያ አይቻልም የሚሉት ምኑን ነው?" አለኝ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ማባዛቱም ልክ ነው። "አይንስታይን አይቻልም ብሏል" ብዬ ብመልስለት ልጁን ዝም አሰኘሁት እንጂ አላስረዳሁትም። የዲሽና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው የምሠራው። ቤት ውስጥ ኬብል አለ፣ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መውጣትና መውረድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አለ፣ ኮምፒውተር አለ። በእጃችን ባለው ነገር የምንችለውን ያህል እንፈትሸዋለን፤ የማንችለውን ደግሞ ሌሎች ከለኩት ቁጥር ወስደን ራሳችን እናሰላዋለን። የሠራነውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

እሁድ ከሰዓት፣ የኬብሉ ሙከራ

የተጠቀምነው 100 ሜትር የዲሽ ኬብል ነው፣ ሙሉ ሮል፣ ሳይፈታ። አንዱን ጫፍ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ከምታወጣ ትንሽ ሰርኪዩት ጋር አገናኘሁት። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ እዚያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላውን ጫፍ ክፍት ተውኩት። ምቱ ይገባል፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ይመጣል። ደርሶ መልስ 200 ሜትር።

ስክሪኑ ላይ መስመሩ መጀመሪያ ብድግ ይላል። ከዚያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ እንደገና ብድግ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 800 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። የተመለሰው ምት ጠርዙ ይደክማል፣ ይድቦለቦላል፤ ስለዚህ መነሳት የሚጀምርበትን ነጥብ ነው የምንይዘው። 200 ሜትርን ለዚያ ስናካፍል 250 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከብርሃን ፍጥነት 83 በመቶው ማለት ነው። ቀሪውን የሚበላው በመሃሉ መዳብና በውጪው ጥልፍ መካከል ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። በነገራችን ላይ የሚሮጠው ኤሌክትሮኑ አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ እዚያው መዳብ ውስጥ እጅግ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሱት፤ በሰከንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሚሮጠው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኩ ነው፤ ብርሃንም የተሠራው ከዚሁ ነገር ነው።

አሁን ልጁን ያስገረመው ክፍል። ሮሉ ስላልተፈታ ሁለቱ ጫፎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው አንድ ስንዝር ነው። ልጁ በመፍቻ የሩቁን ጫፍ መሃልና ጥልፍ አገናኘ። ሁለተኛው ብድግታ ተገልብጦ ወደ ታች ወረደ። ከኬብሉ ጋር የሚመጣጠን የ75 ኦም ሬዚስተር ስናስገባበት ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። የመጀመሪያው 800 ናኖ ሰከንድ ግን በሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ብትደርቡት አይለይም። መጨረሻው ላይ ክፍት ይጠብቀው፣ የተዘጋ ይጠብቀው፣ ሬዚስተር ይጠብቀው፣ መነሻው ጫፍ ወሬው ተጉዞ እስኪደርሰው ድረስ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

ቮልቴጁንም በእጥፍ ጨመርን። መስመሩ ከፍ አለ፣ የመመለሻው ሰዓት ግን ፈቀቅ አላለም። ይህ ለሮኬቱ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ሞገድ ሌላ፣ የሚገፋ ዕቃ ሌላ። የሚገፋውን ከታች አመጣዋለሁ።

ማክሰኞ ማታ፣ የዋሽንግተን ስልክ

አጭር ነገር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በፋይበር መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚሄደው በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ኬብሉ ምንም ሳይዞር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 115 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። እውነተኛው ኬብል በባሕር ዙሪያ ስለሚሄድ ከዚያ በላይ ነው። ወንድሜን በቪዲዮ ሳወራው ንግግራችን የሚጋጨው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመስታወት ፋይበር እስከሄድን ድረስ ኔትወርኩ የቱንም ያህል ቢሻሻል ይህን ክፍል የሚቀንስልን የለም። በዲሽ ሳተላይት ሲሆንማ ይብሳል። ዲሻችን የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። ዜና ላይ ጋዜጠኛው ተጠይቆ ትንሽ ዝም ሲል የምታዩት እሱን ነው።

ሐሙስ ማታ፣ ኤክሴል

ወደ ሮኬቱ። ቤት ውስጥ ዕቃ ገፍተን ብርሃን አጠገብ ማድረስ አንችልም። ያደረጉ ግን አሉ። ከሁሉም በጣም የምወደው የፊዚክስ ሊቁ የዊሊያም ቤርቶዚ ሙከራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1964፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ኤሌክትሮኖችን በኃይል ገፍቶ 8.4 ሜትር ርቀት ላይ አስሮጣቸው፤ የፈጀባቸውንም ጊዜ ለካ። በቃ ይሄው ነው። ማንም ሊገባው የሚችል ሙከራ።

ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አስገባን። አንዱ ዓምድ የተሰጠው ጉልበት፣ ሁለተኛው ልጁ ትምህርት ቤት በተማረው ቀመር የሚጠበቀው ፍጥነት፣ ሦስተኛው የተለካው። ለኤሌክትሮኑ ግማሽ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (ለጥቃቅን ነገሮች የጉልበት መለኪያ ነው) ሲሰጠው የትምህርት ቤቱ ቀመር የብርሃንን 1.4 እጥፍ ይላል። የተለካው 260 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 87 በመቶ ገደማ። 1 ሚሊዮን ሲሰጠው ቀመሩ 2 እጥፍ ገደማ ይላል፣ የተለካው 273 ሚሊዮን። 1.5 ሚሊዮን ላይ 288። 4.5 ሚሊዮን ላይ 296። 15 ሚሊዮን ላይ ቀመሩ 7.7 እጥፍ ይላል፤ የተለካው 300 ሚሊዮን፤ መለኪያው ከብርሃን ሊለየው አልቻለም። ጉልበቱ 30 ጊዜ ጨምሮ ፍጥነቱ ከ260 ወደ 300።

ልጁ ወዲያው "ጉልበቱ ሳይደርሳቸው ቀርቶስ?" አለ። ቤርቶዚም ይህን አስቦበታል። መጨረሻው ላይ የአሉሚኒየም ሳህን አስቀምጦ ኤሌክትሮኖቹ ሲመቱት ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። ሙቀቱ ከተሰጠው ጉልበት ጋር ገጠመ። ጉልበቱ ደርሷቸዋል፣ ይዘውታል፣ ሳህኑ ላይም አራግፈውታል። ፍጥነት ሆኖ ግን አልወጣም።

አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው ቀመር ከተለካው ጋር ይሄዳል። ቀመሩ ውስጥ አንድ ማባዣ አለ፣ ጋማ ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ፍጥነቱን ለብርሃን ፍጥነት አካፍል፣ ስኩዌር አድርግ፣ ከ1 ቀንስ፣ ስኩዌር ሩት አውጣ፣ ከዚያ 1ን ለእሱ አካፍል። ግማሽ የብርሃን ፍጥነት ላይ 1.15 ነው፣ ብዙም አይታወቅም። 90 በመቶ ላይ 2.29። 99 በመቶ ላይ 7.09። 99.9 ላይ 22.4። ልጁ ራሱ 1 ብሎ አስገባ፤ ኤክሴል ለዜሮ ማካፈል አይቻልም የሚለውን የስህተት ምልክት አወጣ። 1.1 ሲያስገባ ደግሞ የኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ሆነበትና ሌላ የስህተት ምልክት።

ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሆነ በምናውቀው ነገር ላስቀምጠው። የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግድቡ በሙሉ አቅሙ ሌት ተቀን እየሠራ፣ አምፖል እንኳ ሳናበራበት፣ ያለውን ኃይል ሁሉ ለአንዲት 1 ኪሎ ዕቃ ብንሰጣት 99 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ላይ ለማድረስ 3 ዓመት ከ4 ወር ያህል ይፈጃል። 99.9 ለማድረስ ወደ 12 ዓመት። 99.99 ለማድረስ ከ38 ዓመት በላይ። 100 ለማድረስ ግን የሚበቃ ዓመት የለም። ትልቅ ግድብ ቢሠራም ያው ነው።

የልጁን ሮኬትም በዚሁ አስተካከልነው። ተሳፋሪው ያው 9.8 እየተሰማው ይነዳል፣ ሞተሩ አይጠፋም። በመሬት ሰዓት ከአንድ ዓመት በኋላ 72 በመቶ። ከሁለት ዓመት በኋላ 90። ከአምስት በኋላ 98። ከአሥር ዓመት በኋላ 99.5። ሁልጊዜ ይጨምራል፤ አይደርስም።

ጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) ትልቁ ማሽን ይህን በየጊዜው ያሳያል። ፕሮቶኖቹ ወደ ትልቁ ቀለበት የሚገቡት በ450 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከዚያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ ወደ 6,800 ቢሊዮን ተገፍተዋል። ጉልበታቸው 15 እጥፍ ሲሆን ፍጥነታቸው የሚጨምረው በሰከንድ 650 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከብርሃን የሚያንሱትም በሰከንድ 3 ሜትር ያህል። ሦስት ሜትር! ያችን ሦስት ሜትር ግን ማንም አልተሻገራትም።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ካሬ ወረቀት

እስካሁን ያሳየነው ገፍቶ ማለፍ እንደማይቻል ነው። ልጁ ግን አልለቀቀኝም። "ሳይገፋ፣ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር ቢኖርስ? መልእክት ብቻ ቢሆንስ?" አለ። ይሄኛው ነው ዋናው። መልሱ ከካሬ ደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እናንተም እያነበባችሁ ሥሩት።

ወደ ጎን ርቀት ነው፣ አንድ ካሬ አንድ የብርሃን ዓመት፣ ማለትም ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት። ወደ ላይ ጊዜ ነው፣ አንድ ካሬ አንድ ዓመት። ስለዚህ ብርሃን አንድ ወደ ጎን አንድ ወደ ላይ እያለ በ45 ዲግሪ ይሄዳል። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታው አይለወጥም፣ ጊዜው ብቻ ይሄዳል። በብርሃን ግማሽ ፍጥነት ወደ ቀኝ የምትሄድ መርከብ ደግሞ ሁለት ወደ ላይ አንድ ወደ ጎን ትላለች።

አሁን አንድ ነገር ተቀበሉ፣ እሱም የተለካ ነው። ብርሃንን ማንም ይለካው፣ ቆሞም ሆነ እየሄደ፣ ያው ፍጥነት ነው የሚያገኘው። ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1887 መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትሮጥ በብርሃን ላይ የምታመጣውን ልዩነት ፈለጉ፤ የተጠበቀው ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ መርከቧ ላይ ያሉትም ብርሃንን በዚያው ፍጥነት ካዩት፣ የ45ቱ መስመር በእነሱም ጊዜና ርቀት መካከል እኩል መግባት አለበት። የጊዜ መስመራቸው ወደ ቀኝ ካዘነበለ የርቀት መስመራቸውም በዚያው ልክ ወደ ላይ መነሳት አለበት፤ ሁለት ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ። እሷን ከዜሮ ጀምራችሁ በቀይ አስምሩ። ቀይዋ መስመር ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለመርከቧ ሰዎች "አሁን" ነው። ለእኛ "አሁን" ግን አግድም መስመሩ ነው። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት "አሁን"፣ ሁለቱም ትክክል። ወረቀቱ ላይ ቆም ብላችሁ ልታስቡበት የሚገባው ቦታ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

አሁን የልጁን መልእክት እንላክ። በብርሃን 4 እጥፍ ይሂድ። ከመሬት፣ ከዜሮ ይነሳል። 4 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ በ1 ዓመት ይደርሳል። አራት ካሬ ወደ ጎን፣ አንድ ካሬ ወደ ላይ ነጥብ አድርጉ። ቀይዋ መስመር አራተኛው ካሬ ላይ ስትደርስ ከፍታዋ ሁለት ነው። ነጥባችን አንድ ላይ ነው። ከቀይዋ በታች ነው! ስለዚህ ለመርከቧ ሰዎች መልእክቱ የደረሰው ከመላኩ በፊት ነው። በቀመር ስናወጣው 1.15 ዓመት ቀድሞ።

ልጁ "ይሄ የአስተያየት ልዩነት ነው፤ ምንም አይጎዳም" አለ። እሺ፣ እንዲጎዳ እናድርገው። መልእክቱ የደረሰበት ቦታ ላይ ያቺን የመሰለች መርከብ እያለፈች ነው፣ ከእኛ እየራቀች፣ በብርሃን ግማሽ ፍጥነት። ተቀበለችና በዚያው ዓይነት መሣሪያ መለሰች፤ ለእሷ በብርሃን 4 እጥፍ። እኛ የተፈቀደልንን እሷን የሚከለክላት ምክንያት የለም። የመልሱን መስመር በእሷ ጊዜና ርቀት አስምረን፣ ከመሬት መስመር ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ፈለግን። የተገናኙት ከዜሮ በታች ነው፤ የአንድ ዓመት ሰባተኛ ያህል ወደ ታች። 52 ቀን። መልሱ ጥያቄው ከመላኩ 52 ቀን ቀድሞ ቤታችን ገባ።

መልሱ "አትላኩ" የሚል ቢሆንስ? እኛም ሰምተን ሳንልክ ብንቀርስ? መርከቧ ለምኑ ነው የመለሰችው? ይህን ስጠይቀው ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከዚያ "4 እጥፍ ስለበዛ ነው፤ ትንሽ ብቻ ቢያልፍስ?" አለ። ትንሽም ቢሆን ያው ነው። በ2 እጥፍ ለሚሄድ መልእክት ከብርሃን ግማሽ በላይ የምትሄድ መርከብ ቅደም ተከተሉን ትገለብጠዋለች። በ1.01 እጥፍ ለሚሄድ ከ99 በመቶ በላይ የምትሄድ ትገለብጠዋለች። መልእክቱ ከብርሃን በታች ከሆነ ግን ነጥቡ ከ45ቱ መስመር በላይ ይወድቃል፤ ቀይዋ መስመር ደግሞ ምንም ያህል ብትነሳ 45 አታልፍም። ስለዚህ የሚገለብጠው ማንም የለም። በማስመሪያ ሞክሩት። ምክንያት ሁልጊዜ ከውጤቱ የሚቀድመው በዚህ ወሰን ውስጥ እስካለን ብቻ ነው። ለእኔ ከሞተር ጉልበት ይልቅ ይህ ነው ልብ የሚነካው። ወሰኑ የቆመው ማን ይፈጥናል በሚል ውድድር ላይ አይደለም፤ ትናንትና ነገ እንዳይደባለቁ ነው።

ሰኞ፣ ጓደኞቼ ያነሷቸው ጥያቄዎች

ወረቀቱን ለሥራ ጓደኞቼ አሳየኋቸው። ያነሱትን ባጭሩ።

ሌዘር ጨረቃ ላይ አብርተን እጃችንን ብናወዛውዝስ? ነጥቧ በእርግጥ ከብርሃን ልትፈጥን ትችላለች። ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር 3,474 ኪሎ ሜትር ናት፤ በመቶኛ ሰከንድ ብናቋርጣት 347,400 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ነገር ግን ከዳር ወደ ዳር የሄደ ነገር የለም። እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት የሄደው ከእኛ ወደ ጨረቃ ነው፣ በራሱ ፍጥነት። ግራ ዳር የቆመ ሰው በዚያች ነጥብ ቀኝ ዳር ላለው ምንም ሊነግረው አይችልም።

እስከ ጨረቃ የሚደርስ ብረት ቢኖረንና ብንገፋውስ? ግፊቱ ብረቱ ውስጥ የሚሄደው እንደ ድምፅ ነው፣ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። 384,400 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 21 ሰዓት ይፈጃል። ብርሃን በ1.3 ሰከንድ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውትሪኖ የሚባለው በጣም ትንሽ ቅንጣት ከብርሃን ቀደመ ተብሎ አልነበረም ወይ? ነበር፤ ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ከሰርን ጣሊያን ውስጥ እስካለው ግራን ሳሶ፣ 730 ኪሎ ሜትር በመሬት ውስጥ አልፈው 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው ደረሱ ተባለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አላመኑትም፤ ፈትሹልን ብለው ለዓለም አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋናው ምክንያት ተገኘ። ሰዓቱን የሚያገናኘው የፋይበር ኬብል ኮኔክተር በደንብ አልጠበቀም ነበር። ኬብል የሚያገናኝ ሰው ይህን ታሪክ ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው አይበዛበትም።

ኤሌክትሮን ውሃ ውስጥ ብርሃንን ይቀድማል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? እውነት ነው። ውሃ ውስጥ ብርሃን ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይወርዳል፤ ፈጣን ኤሌክትሮን ያንን ያልፈዋል፣ የኒውክሌር ማብላያ ገንዳ ሰማያዊ የሚያበራውም ለዚህ ነው። ያለፈው ግን ውሃው ያዘገየውን ብርሃን ነው። 299,792,458ን አላለፈም።

በመጨረሻ አንዱ "ብርሃን ምን የተለየ ነገር ኖሮት ነው ወሰኑ በእሱ የተሰየመው?" አለ። ብርሃን የተለየ ነገር የለውም። መጠነ ቁስ የሌለው ነገር ሁሉ በዚህ ፍጥነት ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ ኮከቦች ናቸው) የተጋጩበት የግስበት (የግራቪቲ) ሞገድ መሬት ላይ ተለካ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ደግሞ የዚያው ግጭት ጋማ ጨረር፣ ማለትም ጉልበቱ ከፍ ያለ ብርሃን፣ ደረሰ። ሁለቱ አብረው የተጓዙት ወደ 130 ሚሊዮን ዓመት ነው። ግስበት ብርሃን አይደለም። ሁለቱም ግን ይህችኑ ፍጥነት ነው የሚያውቁት። ብርሃንን ቀድመን ስላወቅነው ነው በስሙ የጠራናት።

እሁድ፣ ዝናቡ ሲያባራ

ከመጀመሪያው ኬብል ጀምሮ የከነከነኝን ነገር ዛሬ ሠራነው። ነጩ ፕላስቲክ 17 በመቶውን ከወሰደ፣ ፕላስቲኩን በአየር ብንተካው ምን ይሆናል? ግቢው ስለማይበቃ ከጎረቤት አጥር ጋር አያይዘን ሁለት ቀጭን ሽቦ ጎን ለጎን 50 ሜትር ወጠርን። እንዳይነካኩ በየመሃሉ የቀርከሃ ስንጣሪ አስገባንበት። ደርሶ መልስ 100 ሜትር። ክፍት ሽቦ አንቴናም ስለሆነ የኤፍኤም ጣቢያዎች ሁሉ ገቡበት፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ምት ወስዶ አማካይ በሚያወጣው የኦሲሎስኮፑ ምርጫ ስናየው ጠራ።

350 ናኖ ሰከንድ ገደማ። 286 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ፣ 95 በመቶ። የዲሽ ኬብሉ ለዚሁ 100 ሜትር 400 ይወስድ ነበር። በባዶ ቦታ ብርሃን 333.6 ይወስዳል።

የቀረውን ልዩነት የሚወስደው በአብዛኛው የሽቦው ልባስ ይመስለኛል። ቀጣዩ ሥራ ልባሱን ልጠን ባዶ መዳብ መወጠር ነው፤ ቁጥሩ ወደ 340 ይወርዳል ብዬ እጠብቃለሁ። ከ333.6 በታች ካሳየን መጀመሪያ የምንፈትሸው ኮኔክተሩን ነው።